አርባ ለሠላሳ አምስት

ባለፈው ሳምንት ለማሳጠር የሰጠሁትን ቀሚስ ልቀበል ሸማ ተራ ሄጄ፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘይት ሲያጠጣው ደረስኩ። አፏ የቀጠነ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዞ ከመርፌው በላይ ሁለት ጠብታ፣ ከመዘውሩ ሥር ሁለት ጠብታ ያንጠባጥባል። ሽታው ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የቀዘቀዘ ብረት፣ ትንሽ ላምባ፣ ትንሽ የከረመ ጨርቅ ይሸታል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ።

ከጎኔ ሱሪ የሚያስለካ ወፍራም ሰውዬ ትክ ብሎ ያየኝ ነበር።

«የአቤል እህት አይደለሽም?» አለኝ። «በረኛዋ?»

ሙባረክ ነው። ፂም አብቅሏል፣ ሆድ አውጥቷል፣ ምንጣፍ በጅምላ ይሸጣል። አብሮት ለመጣው ጓደኛው እየሳቀ ነገረው፤ ልጆች ሳለን የእነሱን ሰፈር በጆተኒ አራት ለዜሮ ነው የሸኘናቸው አለው። ክፋት የለበትም። የሚያስታውሰውን ነው የተናገረው። እኔም አዎ አልኩ፤ ቀሚሴን ተቀብዬ ወጣሁ። እስከ ራጉኤል ድረስ ግን በልቤ እየደመርኩ ሄድኩ። አሥር ለዘጠኝ። አሥር ለስምንት። አሥር ለዘጠኝ። አሥር ለዘጠኝ። ሲደመር አርባ ለሠላሳ አምስት ይመጣል። ይሄን ደምሮ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ያን ክረምት አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ቤታችን ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ከሚገኙት ጠባብ ቅያሶች አንዱ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ከፊት የሚመጣ ተሸካሚ «ወገብ፣ ወገብ» እያለ ግድግዳ የሚያስታክክበት ዓይነት ቅያስ። ቅያሱ ትንሽ ሰፋ የሚልበት አንድ ቦታ ብቻ አለ። እዚያ ላይ፣ ሰማያዊ ሸራ ሥር፣ የጋሽ ተካ ጆተኒ ቆሞ ነበር።

ጆተኒው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ሣጥን ነው፤ ስምንት ብረቶች ከዳር እስከ ዳር ያቋርጡታል፤ ብረቶቹ ላይ ወገባቸውን የተወጉ የእንጨት ሰዎች ተሰክተዋል። በየጎኑ ሁለት ሁለት ሰው ይቆማል። ፊት የሚጫወተው አማካዩንና አጥቂውን ይይዛል፣ ኋላ የሚጫወተው በረኛውንና ሁለቱን ተከላካዮች። ፊት ወንድሜ አቤል ነበር። ኋላ እኔ። የእኛ በረኛ ጭንቅላት አልነበረውም፤ እኔ ሳልወለድ አንዱ ብረቱን ሲያሽከረክር ነው የሰበረው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ማሽከርከር ክልክል ሆነ። ጋሽ ተካ በሕይወታቸው የማይምሩት ነገር ቢኖር ብረት የሚያሽከረክር ልጅ ነው።

እኔ ጭንቅላት የሌለው በረኛ መያዝ ጥሩ ይመስለኝ ነበር። ኳሷን ከሰዎቹ እግር ሥር ነው እንጂ ከፊታቸው አላያትም፤ ስለዚህ አልፈራም። ሌላ ነገር ደግሞ አውቅ ነበር። ጆተኒው የቆመበት መሬት ወደ ቱቦው ያዘነብላል። ጋሽ ተካ ከአንደኛው እግር ሥር ጣውላ ቢያስገቡም፣ ዝናብ ሲዘንብ ጣውላው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይሟሽሻል። በዝናብ ቀን ኳሷ ወደ ግራ ትጎትታለች፤ በፀሐይ ወደ ቀኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነበር። እማዬ ልብስ ልታሰጣ የምታይ መስሏት «ዛሬስ ይደርቅ ይሆን?» ትለኛለች፤ እኔ ወደ ግራ ነው ብዬ እያሰብኩ።

ብረቶቹን የሚያለሰልሱት በስፌት መኪና ዘይት ነበር። ጋሽ ተካ ሸማ ተራ ካሉ ልብስ ሰፊዎች በብልቃጥ ያመጡታል። ትኩስ ዘይት ንጹሕ ውኃ ይመስላል፤ ከብረት ጋር አንድ ቀን ከዋለ በኋላ ግን ጥቁር ይሆናል። ጣታችንን፣ መዳፋችንን፣ ደብተራችንን፣ የዳቦ ቁራሻችንን ሁሉ ያጠቁረዋል። የእኛን ሰፈር ልጅ በእጁ ታውቀዋለህ ይባል ነበር።

ጋሽ ተካ ከጆተኒው በፊት የሆቴል ዘበኛ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ የዘበኝነት ካፖርታቸውን በሐምሌም በጥቅምትም አያወልቁትም። ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ሳሎን ባዶ ሲሆን እንግዳ ከፍቶት የሄደውን ቴሌቪዥን ቆመው ያዩ ነበር። እዚያ ያዩትን ነው ዝናብ ሲያግደን የሚነግሩን። አንድ ቀን በበረዶ ላይ ስለሚጫወቱ ሰዎች ነገሩን። ጫማቸው ሥር ቢላ አለ፤ በቆልማማ ዱላ ጥቁር ቁራጭ ነገር ያሳድዳሉ፤ ሲናደዱ ጓንታቸውን ጥለው ይቧቀሳሉ፤ ዳኛውም ቆሞ ያያል።

እኔ የማውቀው በረዶ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ነው፤ በኩባያ ሳትሰበስበው የሚሟሟውን። ስለዚህ ሰዎቹ ከመሟሟቱ በፊት ለመጨረስ ነው የሚጣደፉት ብዬ ገመትኩ። አቤል ደግሞ ጋሽ ተካ ካፖርታቸው ውስጥ የሚይዟት ብልቃጥ ሁሌ የዘይት አይደለችም ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

አንዱ ነገር ግን ሁላችንንም ያዘን። እዚያ ጨዋታ ላይ ትልቁ ውድድር ሲደርስ፣ ሁለት ቡድን አንድ ጊዜ ገጥሞ አይለያይም። እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል።

«አንድ ቀን የተሸነፈ ሰው ምክንያት አያጣም» አሉ ጋሽ ተካ። «አራት ቀን የተሸነፈ ግን ምን ይላል?»

መሳለሚያም ጆተኒ ነበረ። እዚያ የሚጫወቱት ሙባረክና ቶማስ፣ ማንም አልቻላቸውም ይባል ነበር። እኛንም ማንም አልቻለንም ይባላል። ከዓመት በላይ ከሁለቱም ሰፈር ልጆች ወሬ እያመላለሱ ሲሳደቡልን ኖሩ። በመጨረሻ ጋሽ ተካ ከመሳለሚያው ባለጆተኒ ጋር ተነጋገሩና እንደ በረዶ ተጫዋቾቹ እንዲሆን ተወሰነ። ሁለቱን እኛ ጋ፣ ሁለቱን እነሱ ጋ፣ ካስፈለገ የቀረውን እያፈራረቁ። አንዱ ጨዋታ አሥር ጎል ነው።

ይህ በተወሰነ በሁለተኛው ቀን ነጠላውን አበላሸሁ።

እማዬ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። ከሸማኔ የሚመጣው ነጠላ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለ ክር አለው፤ ያንን ክር ጥቂት ጥቂት እየነጠሉ፣ እየገመዱ ማሰር መቋጨት ይባላል። የእኔ ሥራ ነበር። የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ቤታችን ከወለል እስከ አልጋ በነጭ ይሸፈናል፤ እኛ ግድግዳ ሥር ተኮራምተን እንበላለን። ያን ቀን ከጆተኒ መጥቼ እጄን ታጥቤ ነበር። ታጥቤ ነበር ስል እርግጠኛ ነኝ፤ እስከ ዛሬ እምልበታለሁ። ግን ዘይቱ ጥፍር ሥር ይደበቃል። አዲስ፣ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ አውራ ጣቴ ከነመስመሩ ታተመ።

እማዬ አልጮኸችም። ነጠላውን ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው። ከዚያ አጣጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው።

«በቃ» አለች። «ከእንግዲህ እዚያ ሣጥን ጋ አልይሽ።»

አቤል ሊከራከር ሞከረ፤ አልሆነም። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ጋሽ ተካ ኮፍያቸውን አውልቀው በራችን ላይ ቆሙ።

«ወይዘሮ አስካለ» አሉ፣ «ልጅቷን ይስጡኝ፤ እስከዚህ ነገር መጨረሻ ድረስ ብቻ።»

«ጋሽ ተካ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለች እማዬ። «ግን ይቺ ሴት ልጅ ናት። ወንዶች መሀል ቆማ ብረት ስትጎትት ሰው ምን ይላል?»

«ኋላዬን የሚጠብቅልኝ ሌላ የለም» አለ አቤል ከጓዳ።

እማዬ ነጋዴ ናት። እንቢ ብላ አታውቅም፤ ትደራደራለች። የያዘችውን ክር ገምዳ ጨረሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ። በየቀኑ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነጠላ ትቋጫለሽ፤ ስትመለሺም ሁለት። ጠብታ ዘይት አላይም። ካሸነፋችሁ ተጫወቺ፤ አልናገርሽም። ከተሸነፋችሁ ግን ዳግመኛ እዚያ አትቆሚም። ተስማማን?»

ተስማማን አልኩ። ከእናቴ ጋር እንደ ትልቅ ሰው ተዋዋልኩ ብዬ ያን ሌሊት በኩራት ተኛሁ። ካሸነፍን የሚጸና ውል መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር። ወደ ግራ ነው አልኩ በልቤ፤ ደስ አለኝ። የመሳለሚያ ልጆች ሃያ ሆነው መጡ፤ ቅያሱ ሞላ፤ ተሸካሚዎች ጭነታቸውን አውርደው ማየት ጀመሩ። ሙባረክ ያኔ ቀጭን፣ አፈኛ ልጅ ነው። እኔን ሲያይ ወደ አቤል ዞሮ በረኛህ የት አለ፣ ይቺ የመጣችው ልብስ ልታሰጣ ነው ብሎ ሰፈሩን አሳቀ። ቶማስ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ከጆተኒው እግር ሥር ያለውን ጣውላ ያይ ነበር።

ስድስት ለሦስት መራን። ኳሷ ወደ ግራ ስትጎትት እኔ ቀድሜ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ከዚያ ቶማስ ኳሷን ሆን ብሎ ቀስ እያረገ፣ ወደ ግራ እያስጎተተ ለሙባረክ አጥቂ ማቀበል ጀመረ። የእኔን ሚስጥር በአንድ ጨዋታ ውስጥ ተማረው። ዘጠኝ ለዘጠኝ ላይ የመጣችውን ኳስ ከበረኛዬ እግር ሥር አየኋት፤ ነካኋትም፤ ነክቼያት ገባች። እንጨቱ ላይ ስትወድቅ የምታሰማው ድምፅ አለ፣ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም እንደመጣል ዓይነት። እኛ ሰፈር ውስጥ በሌሎች ላይ ብቻ የምንሰማው ድምፅ ነበር።

ጋሽ ተካ ጠመኔ አወጡ። ከጆተኒው ጀርባ ባለው የተዘጋ ሱቅ የላሜራ በር ላይ «መሳለሚያ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ አንድ ሰረዝ። ከጎኑ «ራጉኤል» ጻፉ፤ ከሥሩ ምንም። አቤል ጎሉንም ጻፉት፣ ዘጠኝ አግብተናል አላቸው። እዚያ ጨዋታ ላይ እንዲህ አይጻፍም፣ ያሸነፈ ብቻ ነው የሚቆጠረው አሉት።

ሁለተኛው ቀን አሥር ለስምንት ነው። ከአራቱ ሁሉ የሰፋው ይሄ ነው፤ እሱም ቢሆን ስምንት እኩል ነበርን። አቤል አጥቂው ላይ ኳስ አቁሞ ሊመታ ሲል ሸራው የቋጠረው ውኃ ድንገት ተገለበጠና ማጅራቱ ላይ ወረደ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ኳሷን ወሰዱበት። ሁለተኛው ሰረዝ ተሰመረ።

እቤት እማዬ ማን አሸነፈ ብላ አልጠየቀችኝም። እጄን ነው የጠየቀችኝ። አንድ ቋጥኝ የሚያህል ሳሙና ሰጥታኝ፣ በር ላይ ተቀምጬ በሽቦ ፋቅሁት። በሦስተኛው ቀን ጣቶቼ ቀልተው ተሰነጣጠቁ፤ ክር ስገምድ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ያን ሁሉ ፍቄም አንድ ጋቢ ጠርዝ ላይ የሽንብራ ግማሽ የምታክል ነጥብ ተገኘች። እማዬ ከተበላሸው ነጠላዬ ላይ ረዣዥም ቁራጭ ቀደደች። ሁለት እጆቼን ከአንጓዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ድረስ ጠቀለለቻቸው።

«እንዲህ አርገሽ ተጫወቺ» አለች። «አንድ ነጥብ ብትገኝ ጨዋታውን ሳትጨርሺ ነው የማስቀርሽ።»

ሦስተኛው ጨዋታ መሳለሚያ ነው። ጋሽ ተካ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ተከትሎን ሄድን። የእነሱ ጆተኒ አንድ ፎቅ ሥር፣ በሴራሚክ ወለል ላይ ቆሟል። ወለሉ እንደ ጠረጴዛ ልክ ነው። ኳሷ የሚጎትታት የለም፤ ሰማይ ማየት አያስፈልግም። ሰዎቹ የፕላስቲክ ናቸው፤ ሁሉም ጭንቅላት አላቸው። ከጎረቤት ጋራዥ የቀለም ሽታ ይመጣል። የበረኛው ፊት ወደ እኔ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ።

ሙባረክ እጄን አይቶ ተደሰተ።

«ምን ሆነች?» አለ። «ገና ሳንመታት በፋሻ ታሰረች? ከዚህ ሆስፒታል ሩቅ ነው እኮ።»

«ዝም ብለህ ተጫወት» አለው ቶማስ።

ጨርቁ ይንሸራተታል። ዘይት ሲጠጣ ደግሞ ይከብዳል። ጨብጬ ሳዞር ብረቱ ከእጄ ትንሽ ዘግይቶ ይዞራል፤ ዓይን ጨፍነህ እስክትከፍት ድረስ ያህል። ግን ለመድኩት። ያን መዘግየት አስልቼ ቀድሜ ማዞር ጀመርኩ። ሁለቱ ተከላካዮቼ የሙባረክን ኳስ አምስት ጊዜ ተከታትለው ሲመልሱ የመሳለሚያ ልጆች ራሳቸው አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ ከተጫወትኩት ሁሉ የበለጠው ያ ቀን ነው። ዘጠኝ ለስምንት መራን። ከዚያ ዘጠኝ እኩል። ከዚያ አቤል የመታው ኳስ የጎሉን ጠርዝ ገጭቶ ሜዳውን በሙሉ ተመልሶ መጣ፤ በአማካዩ አለፈ፣ በተከላካዮቼ መሀል አለፈ፣ የራሳችን ጎል ውስጥ ገባ። ማንም የመሳለሚያ ሰው አልነካውም።

አቤል ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ከሁላችን ቀድሞ ሄደ። ቤት ልንገባ ስንል ቆመና ከሦስት ለዜሮ ተነስተው ያሸነፉ አሉ ወይ ብሎ ጋሽ ተካን ጠየቃቸው። አይቻለሁ አሉ። መቼ፣ የት ብሎ አልጠየቃቸውም። እንዳይዋሹ ነው መሰለኝ የፈራው።

አራተኛው ቀን ጳጉሜን ገብቶ ነበር። እማዬ ለሠርግ የታዘዙ ስድስት ነጠላዎች ነበሯት፤ ባለቤቶቹ ማምሻውን ይወስዷቸዋል። ጠዋት ሦስቱን ቋጨሁ። ሦስቱ እኔን እየጠበቁ አልጋው ላይ ቀሩ፤ ስወጣ በነጭ ወረቀት ሸፈነቻቸው። እጄን ስትጠቀልል ከወትሮው አጠበቀችው።

ጨዋታው እዚያው መሳለሚያ ነው፤ ገና ከጅምሩ ማንም ከሁለት በላይ አልመራም። ሦስት እኩል፣ አምስት እኩል፣ ሰባት እኩል። ሰው በደረጃው ላይ ሁሉ ተንጠላጥሏል። ሙባረክ መሳደቡን ትቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። የመሳለሚያው ባለጆተኒ ብረቶቹን ጠዋት ዘይት አጠጥቷቸው ስለነበር ጨርቁ ገና ግማሽ ላይ ሳንደርስ ጠጥቶ ጠገበ። ስጨብጠው ከላይ ይጨመቃል፤ በአንጓዬ ይወርዳል፤ ከሥር ያሉት ጣቶቼ ግን ገና ንጹሕ ናቸው። ዘጠኝ እኩል ሆነ።

ጋሽ ተካ ኳሷን ለማስገባት ሲያነሷት አቤል ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ፍቺው» አለኝ።

ብረቱን አጥብቄ ያዝኩ።

«ሰብለ፣ ጨርቁን ፍቺው። አንድ ጎል ነው የቀረው።»

አሰብኩ። ብዙ ያሰብኩ ይመስለኛል፤ ሁሉም የሆነው ግን ጋሽ ተካ ኳሷን በአየር ላይ እንደያዙ ነው። በባዶ እጄ ብይዘው ብረቱ ይታዘዘኛል። ዘይቱ ግን ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ድረስ በምንም አይወጣም፤ ሦስቱ ነጠላዎች አልጋ ላይ ናቸው። አሸንፌ በጥቁር እጅ ብገባ ውሉን ራሴ አፈረስኩ ማለት ነው። በንጹሕ እጅ ማሸነፍ አለብኝ። እማዬ የተናገረችው እንዲያ ነው፤ እኔም ተስማማን ብያለሁ።

«እችላለሁ» አልኩት።

ኳሷ ገባች። አቤል ያዛት፣ መታ፣ ቶማስ መለሳት። ወደ ሙባረክ አጥቂ ደረሰች። ሙባረክ ወደ ቀኝ እንደሚመታ ከትከሻው አየሁ፤ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ትክክልም ነበርኩ። እጄን አዞርኩ። እጄ ከጨርቁ ውስጥ ዞረች። ጨርቁ ከእጄ ጋር ዞረ። ብረቱ ግን ቆሞ ቀረ።

ድምፁ ያው ነው፤ ሴራሚክ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይጮኻል።

ልጆች ሙባረክን ተሸከሙት። ቶማስ ዞሮ መጥቶ እጄን ሊጨብጥ ዘረጋና ጨርቁን ሲያይ ግራ ገባው፤ አንጓዬን ያዝ አርጎ ለቀቀኝ። አቤል ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ስደርስበት ቀና ብሎ አየኝ።

«ፍቺው ብዬሽ ነበር» አለ።

ያን ዓመት ሙሉ በተጣላን ቁጥር ይሄንኑ ይለኝ ነበር፤ በዳቦም፣ በብርድ ልብስም፣ በምንም ምክንያት ብንጣላ።

በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ወሬው ሌላ ሆኖ ጠበቀን። ላሜራው ላይ አራት ሰረዝ አለ፤ ራጉኤል ሥር ባዶ ነው። ያላየ ሰው ላሜራውን አይቶ ነው የሚፈርደው። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ አንዷ ሴትዮ ልጆቻችን አንድ እንኳ ሳያሸንፉ ተመለሱ ስትል ሰማሁ። አንዱ ተሸካሚ እኔን እያሳየ ሴት በረኛ ሲያደርጉ ድሮስ ምን ጠብቀው ነበር አለ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ጭነቱን አውርዶ ሲያይ የዋለ ሰው ነው። ጋሽ ተካ ጋ ሄጄ ጎሎቹን ጻፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጠመኔውን ከኪሳቸው አወጡ፤ በሩን አዩት፤ መልሰው ከተቱት።

እዚያ ሆቴል ሳለሁም እንዲህ ያለ አይቻለሁ አሉኝ። አራቱም ጨዋታ በአንድ በአንድ ጎል ነው ያለቀው፤ እንዲያውም ሰዓቱ አልቆ እየተጨመረ። መጨረሻው ግን አራት ለዜሮ።

«የተሸነፉት እነማን ነበሩ?» አልኳቸው።

ብዙ አሰቡ። የካፖርታቸውን ቁልፍ እያዞሩ አሰቡ።

«እንጃ» አሉ። «ጠፋኝ።»

ከመስከረም በኋላ አቤል ሌላ ልጅ ኋላ አቆመ። ሚኪ ይባላል፤ ከላይ ቅያስ ነው የመጣው። የሠርጎቹ ወር ገብቶ ስለነበር እኔና እማዬ ከትምህርት መልስ እስኪመሽ እንቋጫለን። በሩ ለብርሃን ተከፍቶ ስለሚውል ጆተኒው በደንብ ይሰማል። ማን እንደመታ፣ ማን እንዳቆመ፣ ኳሷ በየትኛው ብረት ላይ እንዳለች ከድምፁ አውቃለሁ። ሚኪ ይቸኩላል። ኳሷ ሳትደርስ ነው የሚመታው። አንድ ከሰዓት ጎል ሲገባበት ሰማሁና፣ እዚያ ላይ መጠበቅ ነበረበት ብዬ ሳስብ፣ እንባዬ ክሩ ላይ ወረደ። እንዳይነካው ነጠላውን ከጉልበቴ ገፋ አደረግሁት።

እማዬ አየችኝ። የያዘችውን አስቀምጣ በክርኗ ጠጋ አለችኝ።

«አሁንም ለዚያች ጎል ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ተይ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ለስልሶ ብዙ ጊዜ አልሰማሁትም። «ራስሽን አትብዪ። ብታሸንፉም ኖሮ ያው ነበር፤ መች እንድትጫወቺ እተውሽ ነበር? አድገሻል እኮ።»

ልታጽናናኝ ነው። ከልቧ ነበር። ጉንጬን በነጠላዋ ጠርጋ የጀመርኩትን አቀበለችኝ። ተቀበልኳት። ጥቂት ክር ነጠልኩ፣ ገመድኩ፣ አሰርኩ። ውጭ ሚኪ ላይ ሌላ ጎል ገባ፤ አቤል እየጮኸበት ነበር።